ድሩ ሌላ፣ ማጉ ሌላ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ያልሰማ ተማሪ በዚህ ዩኒቨርስቲ ውስጥ ይገኛል ብለን አናምንም። በየስብሰባው ይጠቀሳል፤ በየግድግዳው ይለጠፋል፤ የማኅበራችን ተናጋሪዎችም ንግግራቸውን ሲጀምሩም ሲጨርሱም ይደገፉበታል። ተረቱ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ሳይናገር ያልፋል፤ ይኸውም የሚያብሩት ድሮች ሁሉ አንድ ዓይነት እንደ ሆኑ አድርጎ መውሰዱ ነው። የሸረሪት ድር ከሸረሪት ድር ጋር ቢያብር ምን ያስደንቃል? ጭንቁ የሚመጣው ጠባያቸው የማይመሳሰል ሁለት ክሮች ባንድ ላይ ተወጥረው አንድ ሥራ ሥሩ በተባሉ ጊዜ ነው። እኛ ይህን ጥያቄ ያገኘነው በመጽሐፍ ሳይሆን በቴኒስ ራኬት ላይ ስለ ሆነ፣ ያየነውን ለባልንጀሮቻችን ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

አስቀድመን ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣ እንበል። እዚያ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አግብቶ የሚሠራውን ሸማኔ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ብዙ ጊዜ ድሩ፣ ማለት በርዝመቱ የተወጠረው ክር፣ ከፋብሪካ የወጣ ነው፤ ማጉ ግን፣ ማለት በመወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ የሚመላለሰው፣ እናቶች በእንዝርት የፈተሉት ነው። ይህ የሆነው ሸማኔው እጅ ስላጠረው ብቻ አይደለም። ድር ከጧት እስከ ማታ ይወጠራል፤ ይፈተጋል፤ ይመታል። ስለዚህ ውፍረቱ እኩል የሆነና ቶሎ የማይበጠስ ክር ይፈልጋል። የእጅ ፈትል ግን አንዱ ቦታ ላይ ይወፍራል፤ አንዱ ቦታ ላይ ይቀጥናል፤ ጠበቅ አድርገው ቢወጥሩት ይበጠሳል። ለገላ የሚለሰልሰው፣ በብርድ ጊዜ የሚሞቀው፣ ጋቢን ጋቢ የሚያሰኘው ደግሞ ይኸው የእጅ ፈትል ነው። ጋቢ የደረበ ሰው የፋብሪካውን ክር ከነመኖሩም አያስታውሰውም፤ ያለ እርሱ ግን ጋቢው ባልተሠራ ነበር።

የቴኒስ ራኬትም አንድ ዓይነት ሸማ ነው ቢባል ነገሩን ማጋነን አይሆንም። በቁመቱ የሚወጠሩ አውታሮች አሉ፤ እነርሱን ድር እንበላቸው። በአግድም፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያለፉ የሚጠላለፉ አሉ፤ እነርሱን ማግ እንበላቸው። በብዙ ራኬቶች ላይ ድሩ 16 ማጉ 19 ነው፤ ሸመናው ጠበቅ ባለው ራኬት ላይ ደግሞ ድሩ 18 ማጉ 20 ይሆናል። ለአንድ ራኬት 12 ሜትር ያህል አውታር ይበቃዋል።

መጠላለፉም እንዲያው ለጌጥ የተደረገ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 «ስፓጌቲ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ራኬት በውድድር ሜዳዎች ላይ ታይቶ ነበር። የዚህ ራኬት ድር በሁለት ረድፍ ከማጉ ወዲህና ወዲያ የተወጠረ እንጂ ከማጉ ጋር የተጠላለፈ አልነበረም፤ ስለዚህ ድሩ እንደ ልቡ እየተንሸራተተ ኳሱን እንደ እንዝርት ያሾረው ነበር። በዚያው ዓመት ሮማንያዊው ኢሊ ናስታሴ በፈረንሳይ አገር በኤክስ አን ፕሮቫንስ ከተማ ይህን ራኬት ይዞ፣ በሸክላ ሜዳ ላይ ለብዙ ጊዜ ሳይሸነፍ ከቆየው ከአርጀንቲናዊው ከጊየርሞ ቪላስ ጋር ተጋጠመ። ቪላስ ሁለት ዙር ከተሸነፈ በኋላ ተናዶ ጨዋታውን ትቶ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ራኬቱን ከለከለው፤ አውታሮች በሚገናኙበት ስፍራ ሁሉ እየተፈራረቁ መጠላለፍ ወይም መጣበቅ እንዳለባቸውም ተደነገገ። ልብ በሉ፤ ሕጉ ተጠላለፉ አለ እንጂ ከአንድ ዓይነት ነገር ተሠሩ አላለም። የእኛም ጉዳይ ያለው ሕጉ ዝም ባለበት በዚህ ቦታ ላይ ነው።

የራኬት አውታር የሚሠራባቸው ነገሮች ብዙ ቢሆኑም ለዛሬው ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። የሁሉም ታላቅ አንጀት ነው። የሜዳ ቴኒስ በእንግሊዝ አገር በሜጀር ዎልተር ዊንግፊልድ ስም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1874 ሲሆን፣ በማግስቱ ዓመት በ1875 በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ፒየር ባቦላ የተባለ ሰው ከአንጀት የቴኒስ አውታር ሠራ። የባቦላ ቤት የቀድሞ ሙያ ለሙዚቃ መሣሪያ የሚሆን አውታር መሥራት ነበር፤ ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና። የዛሬው የአንጀት አውታር ባብዛኛው የከብት ነው። ጠባዩ ለስላሳ ነው፤ ኳሱን ተቀብሎ ያስፈነጥራል፤ ውጥረቱን ከሌሎቹ ይልቅ ጠብቆ ያቆያል፤ ለክንድም ይራራል። ዋጋው ግን አይቀመስም፤ ውኃም ጠላቱ ነው።

ሁለተኛው ናይለን ነው። ናይለን እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ ከተፈለሰፈ ወዲህ ቀስ በቀስ ወደ ራኬት ገባና የድኻ አንጀት ሆነ። እንደ አንጀት ባይሆንም ይለሰልሳል፤ ዋጋውም ቀላል ነው፤ ኃይለኛ እጅ ሲገጥመው ግን ቶሎ ይበጠሳል። ሦስተኛው ፖሊስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም የ66ኛነት ደረጃ የነበረው ብራዚላዊ ጉስታቮ ኩርተን የቤልጂጉ ሉክሲሎን በሠራው ፖሊስተር ተጫውቶ የፈረንሳይን ታላቅ ውድድር ባሸነፈ ጊዜ፣ የዓለም ዓይን ወደዚህ አውታር ዞረ። ፖሊስተር ደረቅና አዳላጭ ነው፤ ኳሱ ሲያርፍበት ድሩ ወደ ጐን ተንሸራቶ ቶሎ ወደ ቦታው ስለሚመለስ ኳሱን አሹሮ ይሰዳል፤ ስለዚህ በሙሉ ኃይል የተመታ ኳስ እንኳ ተጠምዝዞ ከመስመሩ ውስጥ ያርፋል። ጉዳቱ ሁለት ነው፤ ውጥረቱን ቶሎ ይለቃል፤ የምቱንም ንዝረት ሳያበርድ ወደ ክንድ ያሳልፈዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። እኛ አራት ነን፤ ሁላችንም የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ስንሆን ያሉን ራኬቶች ሁለት ናቸው። ለአራት ሰው ሁለት ራኬት ማለት ሁለቱ ሲጫወቱ ሁለቱ ይቈጥራሉ ማለት ነው፤ በዚህም ምክንያት በመቍጠር በኩል የሚወዳደረን ቡድን ይኖራል ብለን አንገምትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከስድስት ኪሎ ተነሥተን በአስኮና በቡራዩ በኩል ወደ ገፈርሳ እንወጣለን። አንደኛው ባልንጀራችን የዚያ አገር ልጅ ነው። በቤታቸው አጠገብ ካለ ግቢ ውስጥ ቀድሞ ለቅርጫት ኳስ የተሠራ የሲሚንቶ ሜዳ አለ። እኛ በኖራ አስምረን፣ በመረብ ፋንታ ገመድ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተን ሰቅለንበት፣ የቴኒስ ሜዳ አድርገነዋል።

ይህ የገፈርሳ ልጅ ሦስታችንንም ጨዋታውን ያስተማረን እርሱ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ክርኑን ከውጭ በኩል ያመው ጀመር። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ራኬቶች ከድር እስከ ማግ በፖሊስተር የተወጠሩ ነበሩ፤ ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የተላከልን እርሱ ብቻ ነበረና። ሐኪም ዕረፍት አዘዘለት። ዐረፈ፤ ተመለሰ፤ ሕመሙም አብሮት ተመለሰ። ናይለን እናስወጥር እንዳንል ደግሞ ሌላው ባልንጀራችን አለ፤ እርሱ ኳስ ሲመታ እንጨት የሚፈልጥ ስለሚመስለው ናይለን በእጁ ሁለት ሳምንት አይቈይም። ስለዚህ ያሉን ሁለት ራኬቶች ለሚራራ አውታር የሚጮህ ክርንና ለሚጠነክር አውታር የሚጮህ ክንድ ማገልገል ነበረባቸው። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ የገፈርሳው ልጅ ራኬቱን አግዳሚው ላይ አጋደመና «እንግዲህ እኔን ተዉኝ፤ ኳስ እየለቀምሁ ልቍጠርላችሁ» አለ። ከመካከላችን ማንም ቢቈጥር ግድ አልነበረንም። ሜዳው በደጁ ያለ፣ ያስተማረን ሰው፣ እስከ መጨረሻው ቈጣሪ ሆኖ ሊቀር ነው ሲባል ግን ማናችንም ኳስ መምታት አላሰኘንም።

ገፈርሳን ለማያውቅ አንባቢ ስለ ቦታው ጥቂት መናገር ይገባናል፤ ቦታውም በነገሩ ውስጥ እጁ አለበትና። ገፈርሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ፣ ከቡራዩ ወጣ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ አዲስ አበባን ውኃ ሲያጠጣ የኖረው ግድብ ያለው እዚያ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አካባቢው ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር ሸገር በሚባለው ከተማ ውስጥ ተጠቃሏል። ከፍታው 2,600 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል፤ ስለዚህ ኳሱን የሚገታው ነገር ይጐድላል። የተመታ ኳስ ቶሎ ይሄዳል፤ ርቆ ያርፋል፤ ከፍ ብሎም ይነጥራል። ፌዴሬሽኑ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ሜዳ የተለየ ኳስ የደነገገው በዚህ ምክንያት ነው፤ እኛ ግን የምንጫወተው በተገኘው ኳስ ነው። በገፈርሳ ሜዳ ላይ እንደ ልቡ የሚያስፈነጥር አውታር ይዞ መቆም ኳሶቹን አንድ በአንድ ለግድቡ እንደ መገበር ነው። በዚያ ላይ ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ከውኃው ላይ እየተነሣ እስከ ቀትር ድረስ ሜዳው ላይ ተኝቶ ይውላል፤ ይህም ለአንጀት ደግ አይደለም። ስለዚህ ቦታው ፖሊስተር ይለናል፤ የባልንጀራችን ክርን አንጀት ይለናል።

ነገሩ በዚህ ላይ ሳለ ከዘመድ አንዱ ከውጭ ሲመለስ አንድ ጥቅል የአንጀት አውታር አመጣልን። የገፈርሳው ልጅ አባት በገና ይሠራሉ፤ ይደረድራሉም። ጥቅሉን ከእጃችን ተቀብለው በሁለት ጣታቸው መሐል አሹት፤ አሸተቱት፤ ወደ ብርሃኑም አዙረው አዩት።

«ይኼማ የኛው ነው» አሉ። «ማን ነው እንዲህ አሳምሮ የገመደው?»

«ፈረንጅ አገር ነው፣ አባባ» አልናቸው።

ጥቂት ዝም ብለው «በጉስ?» አሉ። የበግ ሳይሆን የከብት እንደ ሆነ ብንነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በከብቱ ያዘኑ ወይም በፈረንጁ ያፈሩ እንደ ሆነ አልገባንም።

አንባቢ የሊዮኑን አውታር ሠሪ ያስታውሳል። የቴኒስና የበገና አውታር እንዲህ ባንድ ቤት የተወለዱ ወንድማማች መሆናቸውን እኛ የተማርነው በዚያች ዕለት ነው። በገና፣ ትውፊታችን ከንጉሥ ዳዊት ጋር የሚያያይዘው መሣሪያ፣ 10 አውታሮች አሉት። አውታሮቹ ከበግ አንጀት ይሠራሉ፤ አንጀቱ ይታጠባል፤ ይፋቃል፤ በርጥቡ ይገመዳል፤ ተወጥሮም ይደርቃል። ብዙ ደርዳሪዎች አሥሩንም አይመቱም፤ አምስቱን ወይም ስድስቱን ይመታሉ፤ የቀሩት ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው።

«የማይመታ አውታር ለምን ይወጠራል?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ጣቴ የት ትረፍ?» አሉን።

የገፈርሳው ልጅ ይህን ሲሰማ ፈገግ ብሎ «እንግዲያው እኔም ማረፊያው አውታር ልሁንላችሁ፤ ተስማምቶኛል» አለ። እኛ የምንመልሰው አጥተን ዝም አልን። አባቱ ግን ዓይናቸውን ከጥቅሉ ላይ ሳያነሡ «ማረፊያውም እኮ ተወጥሮ ነው፤ አግዳሚ ላይ አይተኛም» አሉ። ልጃቸው ራኬቱን ማስቀመጡን ማን እንደ ነገራቸው አናውቅም። ስንሰናበታቸውም ስለ አንጀት አንድ ምክር ሰጡን፤ «ርጥበት ሲያገኘው ይላላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይከርራል። ሁለቱንም ይችላል፤ የሚፈጀው መመላለሱ ነው» አሉን።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር ሦስት ቀን ፈጀ። በእጃችን ያለው አንድ ጥቅል አንጀትና አንድ ጥቅል ፖሊስተር ነው። አንደኛው ወገን «አንጀቱ በሙሉ ለታመመው ይሰጥና አንዱ ራኬት የእርሱ ብቻ ይሁን» አለ። የገፈርሳው ልጅ ራሱ እንቢ አለ፤ ለአራት ሰው ከተሰጠ ሁለት ራኬት አንዱን ለብቻው መያዝ አላሰኘውም። ሌላው ወገን ታላላቆቹን ተጫዋቾች ጠቀሰ። ፒት ሳምፕራስ ሙሉ አንጀት፣ ራፋኤል ናዳል ሙሉ ፖሊስተር ይወጥሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከውድድር የተሰናበተው ሮጀር ፌዴረር ግን ድሩን አንጀት፣ ማጉን ፖሊስተር አድርጎ ለብዙ ዓመት ተጫውቷል፤ ኖቫክ ጆኮቪችም በዚሁ መንገድ የታወቀ ነው። ለዚህ የተሰጠው መልስ «እነርሱ አውታር የሚቀይሩት በየጨዋታው ነው፤ እኛ በየሴሚስተሩ» የሚል ነበር። መልሱ እውነት ቢሆንም ሐሳቡን አላፈረሰውም። አንድ ጥቅል ለሁለት ሲከፈል ስድስት ስድስት ሜትር ይሆናል፤ ይህም ለአንድ ራኬት ድር ወይም ለአንድ ራኬት ማግ ይበቃል። ስለዚህ ከሁለቱ ጥቅሎች ሁለት ድብልቅ ራኬት ይወጣል ማለት ነው። በመጨረሻ የተስማማነው አንዱን ራኬት ድሩን አንጀት ማጉን ፖሊስተር፣ ሁለተኛውን ድሩን ፖሊስተር ማጉን አንጀት አድርገን፣ ነገሩን ሜዳው እንዲፈርደው ነው።

አውታር የሚወጥሩልን በአዲስ አበባ ኳስ ከመልቀም ጀምረው በዚሁ ሙያ ያረጁ አንድ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ሁሉንም በ24 ኪሎ ይወጥሩልን» አልናቸው። መሣሪያቸውን አቁመው አዩን።

«ሁለቱ አንድ ጠባይ አላቸው?» አሉ።

«የላቸውም።»

«ታዲያ ባንድ ኪሎ የምወጥራቸው ለማን ደስ ይበለው ብዬ ነው?»

አንጀቱን በ25 ኪሎ፣ ፖሊስተሩን በ23 ኪሎ ተኩል ወጠሩት። ደረቁ አውታር ላላ ሲል ጭካኔው ይበርዳል፤ ለስላሳው ጠበቅ ሲል ፍንጠራው ይገታል፤ እንዲህ ሆነው ነው ኳሱ በሚያርፍበት ቅጽበት የሚስማሙት። አንጀቱን ሲስቡት እንደ እባብ እንዳይጠማዘዝ ቀስ እያሉ ነበር። ባንድ አውታር በተወጠረ ራኬት ላይ ቋጠሮው ሁለት ሲሆን በድብልቁ ላይ አራት ሆነ፤ ድሩም ማጉም ለየብቻው ታስሮ ይጨርሳልና።

ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምት ወር፣ በሁለቱ ራኬቶች መጫወት ጀመርን። ከድብልቅ ድብልቅ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀብንም። ድሩ ፖሊስተር በሆነው ራኬት ላይ ክንድ የሚሰማው ከሞላ ጐደል የፖሊስተሩን ጠባይ ነበር፤ ማግ የሆነው አንጀት ጥቂት አለሰለሰው እንጂ ጠባዩን አልቀየረውም። ኳስ ሲመታ የሚንቀሳቀሰው፣ የሚሠራውም የሚጐዳውም፣ ይበልጡን ድሩ ነውና። ከዚህም በላይ ደረቁ ድር በምት ቍጥር ወዲያ ወዲህ እያለ ለስላሳውን ማግ እንደ መጋዝ ገዘገዘው። አንጀቱ በየመገናኛው መጀመሪያ ጠጕር አወጣ፤ ቀጥሎም ተሰነጠቀ፤ በሰባተኛው ሳምንት ተበጠሰ። ድሩ አንጀት በሆነው ራኬት ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። አንጀቱ በአዳላጩ ፖሊስተር ላይ ተንሸራቶ ያለ ብዙ ፍትጊያ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ፖሊስተሩም ከሥር ሆኖ የአንጀቱን ፍንጠራ ይገታል። ኳሱ ወደ ግድቡ አልሄደም። ይህ ራኬት ከሦስት ወር በኋላ ጥቂት ጠጕር ቢያወጣም ሳይበጠስ ቈየ። ደመና ባየን ቍጥር በላስቲክ እየጠቀለልን፣ ከታክሲ መስኮት አጠገብም ፀሐይ እንዳያገኘው እያራቅን፣ የአባባን ምክር ጠብቀንለታል።

የገፈርሳው ልጅ መጀመሪያ በዚህ ራኬት ግማሽ ሰዓት ተጫወተ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ሰዓት፤ በጥር ወር ደግሞ አንድ ዙር ጀምሮ ጨረሰ። ክርኑ ድኗል አንልም። አውታር ሐኪም አይደለም፤ ዛሬም ሲበርድ ያመዋል፤ ዛሬም ከጨዋታ በኋላ ይዞ ያሸዋል፤ የታዘዘለትንም ዕረፍት አልተወም። ነገር ግን ቈጣሪ ሆኖ አልቀረም። ኃይለኛው ባልንጀራችን ደግሞ ማጉ ከተበጠሰበት በኋላ ሌላ አንጀት ስላልነበረ ድሩን ፖሊስተር ማጉን ናይለን አስወጠረ፤ ናይለኑ የማግ ሥራ ሲሰጠው በእርሱም እጅ ከሁለት ሳምንት እጅግ አልፎ ቈየ። ያው ናይለን ድር በነበረ ጊዜ አንድም ቀን እፎይ ብሎ አያውቅም ነበር።

እኛ ከዚህ የተረዳነው ነገር ይህ ነው። ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን ማቀላቀል በራሱ ደግም ክፉም አይደለም። ያው አንጀትና ያው ፖሊስተር፣ ባንድ ሰው እጅ፣ ባንድ ቀን ተወጥረው አንዱ ሲቈይ አንዱ አልቈየም። የለያቸው ማን ድር ማን ማግ ይሁን የሚለው ጥያቄ ነው። የሚንቀሳቀሰው ለስላሳው ሲሆን ደረቁ መንገድ ሆነለት፤ የሚንቀሳቀሰው ደረቁ ሲሆን ለስላሳውን በላው። ሸማኔው ከኛ ቀድሞ ይህን አውቆ ለፍትጊያው የሚችለውን፣ ለገላ የሚለሰልሰውን ሰጥቷል። የሸማኔው ጠንካራ ክር ድር ሆኖ፣ የእኛ ጠንካራ አውታር ማግ መሆኑ አንባቢን አያደናግረው፤ ሸማኔና ራኬት ሥራቸው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ነው። አንድ ነገር ለየትኛው ቦታ እንደሚሆን የሚታወቀው በስሙ ወይም በዋጋው ሳይሆን፣ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚደርስበት አስቀድሞ በማየት ነው።

ከዚህ ላይ ስለ ማኅበራችን አንድ ቃል ብንናገር አንባቢ አይቀየመንም ብለን እንገምታለን። ባንድ መኝታ ቤት ከየአገሩ የመጣን ልጆች እናድራለን፤ አንዱ ተናጋሪ ነው፤ አንዱ ዝምተኛ፤ አንዱ በሌሊት ያነባል፤ አንዱ በሌሊት ያንኰራፋል። አንድነት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሁሉም አንድ ድምፅ እንዲያሰማ፣ ሁሉም እኩል እንዲከርር ነው። በየስብሰባው የማይናገረው ልጅ «ምን ይሠራል?» ተብሎ ይታማል፤ የከረረውም ካልላላ ይባላል። አንድነት ማለት ሁሉም በ24 ኪሎ ይወጠር ማለት ከሆነ አውታር ወጣሪው ጋሼ ይጠየቁ። ዝምተኛው ምን ይሠራል ለሚልም የገፈርሳው አባት መልስ ሰጥተዋል፤ ማረፊያውም ተወጥሮ ነው፤ አንድም ቃል ባይናገር ከአውታሮቹ አንዱ ነው። እኛም ባልንጀራችንን አግዳሚው ላይ ትተነው ቢሆን ኖሮ፣ ያጣነው አንድ ተጫዋች ብቻ አይሆንም ነበር።

በመጨረሻ ለአንባብያን አንድ ልመና አለን። በዚህ ዩኒቨርስቲ ራኬት ያላቸው ተማሪዎች ቍጥራቸው ጥቂት ቢሆንም፣ አንዳንዶቹ ከተወጠረላቸው የተረፈ አውታር በሻንጣቸው ሥር አስቀምጠው እንደሚረሱት እናውቃለን። የተረፈው አምስት ሜትር ከሆነ ለራኬት አይበቃም ተብሎ ይጣላል፤ ስድስት ከሆነም ለብቻው ምንም አይሆን ተብሎ ይረሳል። ናይለንም ይሁን ፖሊስተር፣ አይጣል። ፖሊስተር የተወጠረበት ራኬት ያለውም ሰው ካልተበጠሰ ደኅና ነው አይበል፤ ሳይበጠስ ውጥረቱ ይሞታል፤ ክንድን የሚጐዳውም ይህን ጊዜ ነው። ርዝመቱ ከስድስት ሜትር ያላነሰ ትርፍ አውታር ያለው ተማሪ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በስማችን ያኑርልን። የእርሱ ግማሽ ለብቻው ራኬት አይሞላም፤ በእኛም ዘንድ ያለው ግማሽ እንዲሁ።